ቡና ሲፈላ የሚወርደው ፒኤች

ደሴ ላይ የሪፍ አኳሪየም (ሕያው ኮራል የሚያድግበት የባሕር ውሃ መስታወት ገንዳ) ባለበት ቤት ቡና ሲፈላ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት ልኬቱ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ጨመረ ማለት ነው) ይወርዳል። ከሰሉ ተያይዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለብርዱ ሲባል መስኮቱ ከተዘጋ፣ ከቀትር በኋላ 8.2 ያሳይ የነበረው መለኪያ ቀስ እያለ ወደ 7.9 ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ቤኪንግ ሶዳው ነው። አንድ ማንኪያ ይጨመራል፤ ፒኤች እምብዛም አይነሳም። በማግስቱ ይደገማል። ሳምንት ሳይሞላ 8 የነበረው አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 12 ይደርሳል፤ ማሞቂያው ነጭ ቅርፊት ይለብሳል፤ አክሮፖራ የተባለው ኮራል ጫፉ ላይ ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ይታያል። ካልሲየም ሲለካ ደግሞ ወርዶ ይገኝና እሱም ይጨመራል።

ጥፋቱ የተጀመረው በመጀመሪያዋ ማንኪያ ነው። ፒኤች በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ክፍሉ አየር ነው፣ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ አሲድ ይሆናልና፤ አልካሊኒቲ የሚናገረው ስለ ኮራሉ ነው። የአንዱን ሕመም በሌላው መድኃኒት ማከም በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፤ የሚፈጽመው ቸልተኛ ሰው ሳይሆን ለኮራሉ የሚሳሳ ሰው ነውና።

አልካሊኒቲ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ይህን አቅም የሚሸከሙት በዋናነት ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ናቸው። ኮራል እነዚህን ከካልሲየም ጋር አዋህዶ አራጎናይት የሚባለውን የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ይሠራል፤ አጥንቱ እሱ ነው። ከኮምቦልቻ በሚሌ በኩል ቁልቁል ወርዶ ወደ ሰሜን ለዘለቀ ሰው፣ በደናክል ረባዳ ዳርቻ ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ገብቶ በነበረበት ዘመን የበቀለ የኮራል ሪፍ ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ዛሬም ይታያል። ዕድሜው ከ100 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ሪፍ ነው። አኳሪየም ውስጥ በየቀኑ የምንመግበው ያንኑ ድንጋይ የመሥራት ሥራ ነው።

ድንጋዩ ቋሚ ሒሳብ አለው። ኮራል 1 ዲኬኤች (አልካሊኒቲ የሚለካበት አሃድ) አልካሊኒቲ ሲወስድ ከካልሲየም የሚወስደው በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ጨዋማነቱ 35 (ከሺህ እጅ 35 እጁ ጨው) የሆነ የባሕር ውሃ ካልሲየሙ በሊትር ከ410 እስከ 420 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየሙ 1,300 ገደማ፣ አልካሊኒቲው ደግሞ 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው። እንግዲህ ጎተራዎቹን አወዳድሩ። በቀን 1 ዲኬኤች የሚበላ አኳሪየም ለሦስት ቀን ምንም ሳይጨመርለት ቢቀር አልካሊኒቲው ከ8 ወደ 5 ያሽቆለቁላል፤ ይህ ለጠንካራ አጥንት ኮራል አደጋ ነው። በዚያው ሦስት ቀን ካልሲየሙ ከ420 የሚወርደው ወደ 399 ነው፤ ኮራሉ ልዩነቱን ልብ አይለውም። የካልሲየም ጎተራ ሰፊ ነው፤ የአልካሊኒቲው ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው። ስለዚህ አልካሊኒቲ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይለካል፤ አዲስ ኮራል ሲገባ በየቀኑ። ካልሲየም በሁለት ሳምንት፣ ማግኒዥየም በወር አንዴ ይበቃቸዋል።

ወደ አየሩ ልመለስ፤ ለደጋ ሰው ትልቁ ነገር እዚያ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። የደሴ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ የኮምቦልቻ 80 በመቶ ገደማ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጠረፍ ላይ በ25 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው የባሕር ውሃ ደሴ ላይ 5 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የውሃው ፊት ዘወትር መናወጥ አለበት፤ ዓሣም ጠረፍ ላይ ከሚጨመረው ቁጥር ማሳነስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እምብዛም አይነሳም፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊትም አብሮ ዝቅ ስለሚል፣ ንጹሕ የውጭ አየር የሚያገኝ የደሴ አኳሪየም በእኩል አልካሊኒቲ ከጠረፍ አኳሪየም ፒኤቹ በ0.1 ያህል ከፍ ይላል። ተራራው ያደላን ነገር ነው።

ያደላንን የሚወስድብን የተዘጋ ቤት ነው። በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ፒኤች በ0.25 ገደማ ይወርዳል፤ አልካሊኒቲው ግን ንቅንቅ አይልም። ከሰል፣ ብዙ እንግዳና የተዘጋ መስኮት ተደማምረው ይህን በቀላሉ ያደርሱታል። በእርግጥ ከአየሩ ለመሆኑ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከአኳሪየሙ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቅዱና ፒኤቹን ጻፉ። አንዱን በረንዳ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ክፍል ውስጥ አድርጋችሁ ሁለቱንም በአየር ፓምፕ አንድ ሰዓት አናፍሱና እንደገና ለኩ። የበረንዳው ብቻ ከተነሳ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፤ ምንም ኬሚካል አይፈታውም። ሁለቱም ከተነሱ ክፍሉ ደህና ነው፤ አኳሪየሙ ራሱ በቂ አየር አያገኝም ማለት ነውና የውሃውን ፊት ይበልጥ አናውጡ። ሁለቱም ካልተነሱ ያን ጊዜ አልካሊኒቲውን ለኩ።

መፍትሔው የስኪመሩን (የውሃውን ቆሻሻ በአየር አረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) አየር መሳቢያ ቱቦ ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ጫፉ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ወንፊት ይታሰርበት፣ ከኩሽናው ጭስ ማውጫና ከመንገዱ አቧራ ይራቅ። ቱቦው ከሦስት ሜትር ከበለጠ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ያለዚያ ስኪመሩ ይታፈናል። የዕጣኑ ጭስም በዚሁ መንገድ ከውሃው ይርቃል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ለሰውም ገዳይ ነው፤ መስኮቱ መጀመሪያ ለቤተሰቡ ይከፈት፣ ኮራሉ ትርፉን ያገኛል።

ውሃና ጨው ላይ ብዙ አልቆይም። በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የቧንቧው ውሃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት እንደያዘ ይናገራል። ትነቱን በሱ መተካት ማለት መጠኑ በማይታወቅ መድኃኒት በየቀኑ መጠቀም ነው። ከዚያም በላይ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲሊካ ይዞ ስለሚመጣ መስታወቱን ቡናማ አልጌ ያለብሰዋል። አር ኦ ፊልተር (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራ) ከነሬዚኑ (ያመለጠውን የሚይዘው) ያስፈልጋል፤ የቲዲኤስ መለኪያው (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው) 0 ማሳየት አለበት። ውሃው በቀዘቀዘና ግፊቱ በደከመ ጊዜ ፊልተሩ የሚያወጣው በጣም ያንሳልና ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ቅንጦት አይደለም። የአፍዴራ ጨው ቅርባችን ነው፤ ለወጥ እንጂ ለሪፍ አይሆንም። ጨዋማ ውሃ ሲተን መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔቱ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ ይዘቅጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የገበታ ጨው የሚረጋው። ማግኒዥየሙ በቀሪው መራራ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጨው ሆኖ የሚሰበሰበው ለኮራል ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የተለየ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ለሪፍ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው መግዛት ግድ ነው።

ልኬቱ ሁልጊዜ በጨዋማነት ይጀምር። ውሃው 35 መሆን ሲገባው 33 ከሆነ፣ 420 መሆን የነበረበት ካልሲየም 396 ሆኖ ይነበባል። የጎደለው ካልሲየም ሳይሆን ጨው ነው። ሪፍራክቶሜትሩ (ጨዋማነት መለኪያው) የሚስተካከለው በ35 ማመሳከሪያ ፈሳሽ ነው፤ በባዶ ውሃ ዜሮ ላይ ተስተካክሎ 35 ላይ የሚሳሳት ብዙ አለ።

ቀጥሎ አልካሊኒቲ። ስሪንጁ ሪኤጀንቱን (የመለኪያ ኪቱን ፈሳሽ) ሲስብ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ትቀራለች፤ ስለዚህ የሚነበበው ፈሳሹ ሳይሆን ፒስተኑ ነው። ፒስተኑ ሲነበብ ሁልጊዜ በታችኛው ጠርዝ ወይም ሁልጊዜ በላይኛው ይነበብ፤ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ከሆነ የግማሽ ዲኬኤች ስህተት ከዚያ ብቻ ይመጣል። ጠብታው ሲወርድ ጠቋሚ ቀለም የገባበት ሰማያዊ የናሙና ውሃ ውስጥ ሮዝ ጭረት ሠርቶ ይጠፋል። ብልቃጧን በእያንዳንዱ ጠብታ ማዞር ያስፈልጋል። ወደ መጨረሻው ሮዝነቱ ለመጥፋት ይዘገያል፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ መላውን ትለውጠዋለች። ይህ ከአኳሪየሙ ሰማያዊ መብራት ሥር አይታይም፤ መስኮት ዳር፣ ነጭ ወረቀት ከጀርባ ተደርጎ ነው። የሰዓቱም ነገር አለ፦ ኮራል በብርሃን ጊዜ ይበልጥ ስለሚሠራ የጠዋትና የማታ ውጤት አይወዳደርም። ማታ 1 ሰዓት ከሆነ ሁልጊዜ ማታ 1 ሰዓት።

የአልካሊኒቲ መለኪያ ኪቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው ሻንጣ ተንከራትቶ የመጣ ስለሚሆን ሳይፈተሽ አይታመን። መፈተሻው ቤት ውስጥ ይሠራል፦ 3.0 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር የአር ኦ ውሃ ይሟሟል፤ ከዚያ ላይ 100 ሚሊሊትር ተወስዶ በአር ኦ ውሃ 1 ሊትር ይሞላል። ይህ ውሃ 10 ዲኬኤች ነው። ኪቱ 10 ካለ ጥሩ፤ 11.2 ካለ ኪቱ ከፍ አድርጎ እያነበበ ነው፤ ያን ልዩነት ብልቃጡ ላይ ጻፉበት። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ በየሦስት ወሩ ሊደረግ የሚገባው ነገር ነው።

አሁን መጠኑ። የጨው ከረጢት ወይም የኬሚካል ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን «በቀን ይህን ያህል» እርሱት፤ የእናንተን ኮራል አያውቀውም። ምንም ሳትጨምሩ፣ ውሃም ሳትቀይሩ፣ ለሦስት ቀን በአንድ ሰዓት ለኩ። 200 ሊትር በያዘ አኳሪየም (ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ተቀንሶ) አልካሊኒቲው ከ8.6 ወደ 7.4 ወረደ እንበል። በቀን 0.4 ነው። 1 ዲኬኤች 100 ሊትር ላይ ለመጨመር 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋልና ዕለታዊ ድርሻው 2.4 ግራም ይሆናል። የካልሲየሙ አቻ 2.1 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት (ውሃ ያዘለው ዓይነት) ነው። በፈሳሽ መልክ ለማዘጋጀት በአንድ ጠርሙስ 60 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ በሌላው 52.5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ይመዘንና እያንዳንዱ በአር ኦ ውሃ 1 ሊትር ይሞላል። ከዚያ ከሁለቱም በቀን 40፣ 40 ሚሊሊትር ነው። ቤኪንግ ሶዳው በሊትር 84 ግራም ይሁን የሚሉ ቀመሮች አሉ፤ ለሞቃት አገር ይሠራሉ። የደሴ ሌሊት 10 ዲግሪ ሲገባ ግን ያ መጠን መሟሟቱን ያቆምና ጠርሙሱ ሥር ይረጋል፤ ድርሻውን የሚያንጠባጥበው ፓምፕ የሚስበውም የሳሳ ፈሳሽ ይሆናል። 60 አይረጋም።

ሱቅ ሲገባ ቤኪንግ ሶዳ ብለው ጠይቀው ቤኪንግ ፓውደር ይዘው የሚወጡ አሉ፤ ሁለቱም ለዳቦ ነውና ባለሱቁ አይፈረድበትም። ፓውደሩ ውስጥ ስታርችና አሲድ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፎስፌት አለበት፤ ፎስፌት አልጌ ይመግባል፣ የአጥንት ግንባታንም ያግዳል። ማሸጊያው ላይ ሶዲየም ባይካርቦኔት ብቻ የሚል ይሁን። ካልሲየም ክሎራይዱም ዳይሃይድሬት ወይስ አንሃይድረስ (ውሃ የሌለበት) መሆኑ ይነበብ፦ በ100 ሊትር ካልሲየምን በ10 ሚሊግራም ለማንሳት ከመጀመሪያው 3.7 ግራም፣ ከሁለተኛው 2.8 ግራም ነው። በክረምት ርጥበት ስቦ ጠጠር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ውሃም ጭምር ስለሚመዝን የተከፈተ ዕቃ አጥብቆ መክደን ይበጃል። ውሃ ሲነካ ይግላልና የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በአንዴ አይገልበጥ።

ፒኤቹ በተፈጥሮው ዝቅ የሚል ቤት ካለ፣ ቤኪንግ ሶዳውን አንድ ጊዜ በእሳት አሳልፎ ሶዲየም ካርቦኔት ማድረግ ይቻላል። 100 ግራም በንጹሕ አይዝጌ ብረት መጥበሻ ላይ ይዘርጋ። ስስ አድርጋችሁ በመካከለኛ እሳት ስታማስሉት ዱቄቱ እንደሚፈላ ውሃ መንተክተክ ይጀምራል፤ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣው ነው። መንተክተኩ ሲቆም መዝኑት። 63 ግራም ላይ ከደረሰ አብቅቷል፤ 75 ከሆነ ገና ነው። የእንጀራ ምጣድ አይሁን፤ የጎመን ዘሩ ዘይት አለበት። አልሙኒየምም ይቅር። ለ1 ዲኬኤች በ100 ሊትር የሚያስፈልገው ከዚህ 1.9 ግራም ነው። ሲጨመር ፒኤች ስለሚያነሳ በትንሽ በትንሹ፣ ኃይለኛ ሞገድ ባለበት ቦታ ይሁን።

ሁለቱ ፈሳሾች ውሃው ውስጥ ሳይበተኑ ከተገናኙ ነጭ ደመና ይነሳል፤ ድንጋዩ ኮራሉ ላይ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ተሠራ ማለት ነው። ደመናው ከበዛ ዝቃጩ ራሱ ለተጨማሪ ዝቃጭ ዘር ይሆንና አልካሊኒቲውን በሰዓታት ውስጥ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ መልሶ መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። መጨመሩን ሁሉ አቁሙ፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ይሥራ፤ ውሃው እስኪጠራ ቆዩና በማግስቱ ለኩ። ለመከላከል በሁለቱ መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይኑር፤ በቀን ውስጥም አልካሊኒቲው ከ1 ዲኬኤች በላይ አይንቀሳቀስ፤ እኔ 0.5 ላይ ማቆምን እመርጣለሁ። ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም ምንም ቢጨመር አልቆም ካሉ ማግኒዥየሙን ተመልከቱ። ማግኒዥየም በሚወለደው የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣት ላይ ተለጥፎ እድገቱን ያሰናክላል፤ ከ1,200 በታች ሲወርድ ያ ጥበቃ ይላላል። በ100 ሊትር 100 ሚሊግራም ለማንሳት 84 ግራም ማግኒዥየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት በሁለት ሦስት ቀን ተከፋፍሎ ይጨመር።

ማሞቂያው ላይ ያለው ቅርፊት ለደሴ የተለየ ነገር አለው። ካልሲየም ካርቦኔት ሙቀት ሲጨምር የሚዘቅጥ ነገር ነው፤ ማንቆርቆሪያውን የሚያለብሰውም ይኸው ነው። የብርድ አገር ማሞቂያ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል። በየሁለት ወሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ውሃ በግማሽ በተቀላቀለበት አቼቶ ውስጥ አንድ ሰዓት ይዘፍዘፍ። የፓምፖቹ ማሽከርከሪያም እንዲሁ።

ስለ ኖራ ውሃ የሚጠይቅ አይጠፋም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለቱንም በትክክለኛው ሒሳብ ይሰጣል፣ ፒኤችም ያነሳል፣ ጨውም አያከማችም። ሁለቱ ጠርሙሶች ግን ያከማቻሉ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ በወር 50 ግራም ገደማ ሶዲየም ክሎራይድ ይተዋሉ። ለዚያ አኳሪየም በቀን የሚያስፈልገው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 1 ግራም ገደማ ነው፤ በትነት መተኪያው ውሃ ተሟሙቶ ሌሊት ጠብ ጠብ ይበል፣ ፒኤች ከ8.5 አይለፍ። ለግድግዳ የሚሸጠው ኖራ ግን አይገባበትም፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ንጹሑም ቢሆን ክፍት ከቆየ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። ቁንጥር ወስዳችሁ አቼቶ ጨምሩበት፤ ከተንፈቀፈቀ ሞቷል።

መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ በባትሪ የሚሠራ አየር ፓምፕ ሁልጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይቀመጥ። ቀጥሎ ሙቀቱ ይወርዳል፤ አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ በጎንና በጎን መጠቅለል ብዙ ይረዳል። ኮራል ሲበርደውና ሲጨልምበት አጥንት መሥራቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ባለፈው ቀን የአልካሊኒቲ ፍጆታው ከወትሮው ያነሰ ነው። መብራቱ ሲመጣ ያመለጠውን ድርሻ ደርቦ መስጠት አይገባም። ድርሻውን የሚያንጠባጥበው ፓምፕ ሰዓቱ ከዜሮ ተነስቶ እንዳይደግም ይታይ፤ ሙቀቱ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ወደ 25 ይመለስ፤ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ይለካ። ቁጥሩ 8 አካባቢ ከሆነ የዚያን ቀን ድርሻ በግማሽ፣ ሙሉው ከነገ ጀምሮ።